ዝናቡ ሊያባራ ሲል

ስለ ዐውሎ ነፋስ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ባሕር ዳር ነው። በማዕበል የሚናጡ ጀልባዎች፣ ጣሪያቸው የተገነጠለ ቤቶች፣ ከሥራቸው የተነቀሉ ዘንባባዎች ይታዩናል። የወላይታ ሰው ግን ባሕር የለውም። ከሶዶ ከተማ ተነሥቶ ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ለመድረስ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ ይኖርበታል። ስለዚህ «የባሕር ዐውሎ ነፋስ ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር የሚያስነቅፈው አይሆንም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ነገሩ ይመለከተናል ባይ ነው። በባሕር ዳር የሚኖሩ ድኻ ገበሬዎች ከብዙ ሐዘን በኋላ ያገኙት አንድ የመዳኛ ዘዴ አለ፤ ይህም ዘዴ በተራራ ጎን ለሚኖረው ወገናችን በእጅጉ ይጠቅማል የሚል እምነት አለኝ።

በመጀመሪያ ስለ ዐውሎ ነፋሱ ጥቂት ልበል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሐሪኬን የሚባለውና በህንድ ውቅያኖስ ላይ ሳይክሎን የሚባለው ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ በስም ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ የባሕር ውሃ ነው። የአትላንቲኩ የማዕበል ወራት በፈረንጆች አቆጣጠር ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይቆያል። በነገራችን ላይ፣ ከእነዚህ ማዕበሎች አንዳንዶቹ የሚጠነሰሱት እዚሁ በእኛው ሰማይ ላይ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በነሐሴ 1992 ዓ.ም. በአትላንቲክ ላይ የተነሣውንና አልቤርቶ የተባለውን ሐሪኬን ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ቢከታተሉት፣ መነሻው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተከማቸ የነጎድጓድ ደመና ሆኖ አግኝተውታል። ደመናው አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ ነው ባሕሩ ላይ የደረሰው። እንግዲህ የባሕሩ ማዕበል እንደምናስበው ፍጹም ባዳ አይደለም።

ከእነዚህ ዐውሎ ነፋሶች መካከል በወቅቱ መገባደጃ ላይ የሚመጡት የተለየ ክፋት አላቸው። ምድሪቱ የወራት ዝናብ ጠጥታ ጠግባለች፤ ወንዞች ሞልተዋል፤ ሰውም «እንግዲህ አለፈ» ብሎ ልቡን አሳርፏል። በጥቅምት 1991 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በመካከለኛው አሜሪካ የደረሰው ሚች የተባለው ሐሪኬን በሆንዱራስና በኒካራጓ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ፈጅቷል። ከሟቾቹ አብዛኞቹን የገደለው የባሕሩ ሞገድ ወይም የነፋሱ ኃይል ሳይሆን ለቀናት ያላቋረጠው ዝናብ ያስከተለው ጎርፍና ናዳ ነበር። በኒካራጓ ካሲታ የተባለ የእሳተ ገሞራ ተራራ ጎኑ ተንዶ 2000 ያህል ሰዎችን ከነመንደሮቻቸው ቀበረ። እነዚያ ሰዎች የተራራ ሥር ገበሬዎች ነበሩ። አሟሟታቸው ለወላይታና ለጎፋ ሰው እንግዳ አይደለም።

የወላይታ ምድር አቀማመጥ የታወቀ ነው። ሶዶ ከተማ 2900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ አገሩ ወደ ብላቴ ወንዝና ወደ አባያ ሐይቅ ያዘቀዝቃል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ በኪንዶ በኩል ወደ ኦሞ ሸለቆ በገደልና በተዳፋት ይወርዳል። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በበልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም። በመካከሉ ያለው ፋታ አጭር በመሆኑ በልጉ በርትቶ በሰነበተበት ዓመት ክረምቱ የሚጥለው ቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ1 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ300 የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበር። ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ ጨምሯል። አባት ለልጁ፣ ልጅም ለልጁ መሬቱን ሲያካፍል ቁራሹ እያነሰ ሄደ፤ ሜዳው ሲያልቅ ጎጆ የሚቀለሰው ገደሉ አፋፍና ሥር ሆነ። ገበሬው አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ምርጫ አጥቶ ነው።

ጉዳቱም በተደጋጋሚ ታይቷል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. በወላይታ ዞን በደረሰ የመሬት መንሸራተት 40 ያህል ሰዎች ሞቱ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም.፣ ክረምቱ አልፏል በተባለበት ጊዜ፣ በኮንታ ናዳ ወርዶ ከ20 በላይ ሰዎችን ገደለ። ያ ወቅት የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው እጅግ የሞቀበትና በምሥራቅ አፍሪካ ከልክ ያለፈ ዝናብ የጣለበት ነበር። ከሁሉ የከፋው ሐዘን ግን በጎረቤታችን በጎፋ ዞን የደረሰው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች በናዳ ተቀብረው ሞቱ፤ በመላው አገሪቱም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። የዚህ ለቅሶ ድንኳን ሳይነሣ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በወላይታ ዞን በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ እንደገና ናዳ ወርዶ ከ10 በላይ ሰዎች አለቁ።

ከነዚህ አደጋዎች በኋላ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንዱ ወገን «የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን ይደረጋል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ድሮስ ገደል ሥር ማን ኑሩ አላቸው? ይነሡ!» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም አነጋገሮች ገበሬውን ባለበት ይተዉታል። የመጀመሪያው ተስፋ ያስቆርጠዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊፈጽመው የማይችለውን ያዝዘዋል።

ናዳ በዘፈቀደ የሚወርድ መቅሠፍት አለመሆኑን ለመረዳት የአፈሩን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። በተዳፋት ላይ ያለ አፈር ቁልቁል እንዳይሄድ የሚይዘው የቅንጣቶቹ መፋተግና መያያዝ ነው። ዝናብ ሲደጋገም ውሃው በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ይህም አፈሩን በአንድ በኩል ያከብደዋል፤ በሌላ በኩል ቅንጣቶቹን እያራራቀ መያያዛቸውን ያላላል። አፈሩ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ መጠነኛ ዝናብ እንኳ ተራራውን ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ዛሬ ስንት ዘነበ?» ብቻ ሳይሆን «እስከ ዛሬ ስንት ተጠራቀመ?» ጭምር ነው። ምልክቶችም አሉ። በተዳፋቱ አናት ላይ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ዛፎችና የአጥር እንጨቶች ይዘማሉ፤ ምንጭ ይደፈርሳል ወይም ባልነበረበት ቦታ ይፈልቃል፤ የቤት በር ካለወትሮው አልዘጋ ይላል። እነዚህን ሽማግሌዎቹ ከማናችንም ይበልጥ ያውቋቸዋል። የሚቸግረው ምልክቱ ከታየ በኋላ የት ይኬዳል የሚለው ነው።

«ይነሡ» የሚለው ወገን ያልመለሰው ጥያቄ ይኸው ነው። የወላይታ ገበሬ ቤት ማለት በእንሰት፣ በቡናና በጓሮ አትክልት የተከበበ ጎጆ ነው። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለምግብ እስኪደርስ እንደ ቦታው ከ3 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በቆሎ ሲጠፋ፣ ስኳር ድንች ሲያልቅ፣ ቤተሰቡን ከረኃብ የሚያስጥለው ያ ተክል ነው። ታዲያ አንድን አባወራ «ቦታህን ልቀቅ» ስንለው የዓመታት የምግብ ጎተራውን ትቶ እንዲሄድ መጠየቃችን ነው። ጎጆ በሳምንት ይቀለሳል፤ እንሰት ግን በሳምንት አይበቅልም። ከዚያም በላይ ላዩ ላይ የአባት የእናት መቃብር፣ የዕድር ወዳጅ፣ የዘመድ አዝማድ ጉርብትና አለ። ከአደጋ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ የተወሰዱ ሰዎች ቀስ እያሉ ወደ ድሮው ቀያቸው ቢመለሱ ግትርነት ነው ማለት አይገባም።

ማስፈር በራሱ በወላይታ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት በተቋቋመ ጊዜ፣ ከተጨናነቀው ደጋ ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ ገበሬዎች ሰፍረዋል። ወደ ቆላ የወረደ የደጋ ሰው ግን ወባ ይጠብቀዋል፤ በሬውንም ገንዲ ይገድልበታል። ሰፋሪዎቹ ያፈሩት ፍሬ አለ፤ የከፈሉት ዋጋም አለ። ዛሬ ደግሞ ባዶ ተብሎ የሚታሰብ ቆላ እንደዚያን ጊዜ በቀላሉ አይገኝም። ዘላቂ ማስፈር መቅረት አለበት አልልም፤ ስንጥቁ ደጃፉ ላይ ለደረሰበት ቤተሰብ ሌላ መላ የለውም። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር የተዳፋት ነዋሪ በአንድ ጊዜ ይሰፍራል ብሎ መጠበቅ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሙታንን መቁጠር ማለት ነው።

ለዘለዓለም ከመልቀቅና በቦታው ተቀምጦ ከመሞት መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። ይኸውም አፈሩ ውሃ ጠግቦ አደገኛ በሚሆንባቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ዞር ማለት ነው። ይህን መንገድ በተግባር ያሳየችን ባንግላዴሽ ናት። በኅዳር 1963 ዓ.ም.፣ አገሪቱ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን በምትባልበት ጊዜ፣ የመኸር ሩዝ በሚታጨድበት ወር፣ ቦላ የተባለው ሳይክሎን በሌሊት ደርሶ 300 ሺህ ወይም ከዚያ በላይ ሰዎችን ፈጀ። የባሕሩ ውሃ ጠፍጣፋውን የባሕር ዳር አገር ሲያጥለቀልቀው ሕዝቡ የሚሸሽበት ከፍ ያለ ቦታ አልነበረውም። በዚያ አገርም መሬት ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ በመሆኑ ባሕር ዳሩን ባዶ ማድረግ የማይቻል ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ በቦታው እንዲቆይ፣ ማዕበሉ በሚመጣባቸው ሰዓታት ግን የሚጠለልበት ከፍ ያለና ጠንካራ ቤት እንዲኖረው ተደረገ። የቀይ ጨረቃ ማኅበርም ከመንግሥት ጋር ሆኖ፣ በየመንደሩ ድምፅ ማጉያ ይዘው እየዞሩ የሚያስጠነቅቁ በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠነ።

የባንግላዴሽ መንገድ ቀጥ ብሎ የሄደ አይደለም። በሚያዝያ 1983 ዓ.ም. ሌላ ሳይክሎን 140 ሺህ ያህል ሰዎች ገድሏል። ያን ጊዜ መጠለያው ገና ጥቂት ነበር፤ ከሟቾቹም መካከል ሴቶችና ሕፃናት ይበዙ ነበር። ለሴቶች የተለየ ክፍል በሌለበት አዳራሽ ከእንግዳ ወንዶች ጋር ማደሩ ያሳፈራቸው ነበሩ፤ ላሟንና ፍየሏን ጥላ መሄድ ያቃታትም ነበረች። ከዚያ በኋላ መጠለያዎቹ ሲበዙ ለሴቶች የተለየ ክፍል ተሠራላቸው፤ ለከብቶችም ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ተከመረ። በኅዳር 2000 ዓ.ም. ሲድር የተባለው ኃይለኛ ሳይክሎን በዚያው ባሕር ዳር ሲደርስ የሞቱት ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ በሚደርስ ቁጥር ተወሰኑ። አራት ሺህ ሰው ቀላል ቁጥር ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ከ300 ሺህ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው እነዚያ መጠለያዎች በአዘቦቱ ቀን ምን እንደሆኑ ነው። ብዙዎቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እስቲ ወደ እኛ አገር እንመለስ። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሰኔ ማለቂያ ነው፤ የሚከፈተው በመስከረም ነው። የወላይታና የጎፋ ተዳፋት እጅግ በሚያሰጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ በየቀበሌው ያሉት የመማሪያ ክፍሎች ባዶአቸውን ይከርማሉ። የቆርቆሮ ጣሪያ አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩት ልጆች በሚሮጡበት ደልዳላ መስክ ላይ ነው፤ ዘበኛም አላቸው። ገበሬው ቀን ማሳው ላይ ውሎ፣ እንሰቱን ተንከባክቦ፣ ማታ ከቤተሰቡ ጋር በትምህርት ቤቱ ቢያድር፣ ስንጥቁን ለማየትና ለመሸሽ በማይቻልበት በሌሊቱ ሰዓት ከተራራው ሥር አይገኝም። ዝናቡ ሲያባራም ለጊፋታ በዓል ወደ ጎጆው ይመለሳል። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ትምህርት ቤቱ ራሱ ከናዳ መውረጃ ውጭ መሆኑን የሚያረጋግጥ ባለሙያ ነው፤ አለዚያ ሕዝቡን ከትንሽ አደጋ ወደ ትልቁ ሰብስበን ማስገባታችን ይሆናል።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ሌሊት ቤቴን ማን ይጠብቅልኛል? ላሜስ?» የሚለው ጥያቄ የዋዛ አይደለም። የባንግላዴሽ ሴቶች ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ ለከብት በረት፣ ለሴቶች የተለየ ክፍልና መጸዳጃ ካልተዘጋጀ ሰው አይመጣም። ጥበቃውን በተራ መያዝ ለዕድሮች የሚከብድ ሥራ አይሆንም፤ ዕድር በእጁ ያለው ሰው የማደራጀት ችሎታ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሌላቸው ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። «አምና ውጡ አላችሁን፣ ወጣን፣ ምንም አልወረደም» የሚል ሰው በሦስተኛው ዓመት ጥሪውን ጆሮ ዳባ ልበስ ሊለው ይችላል። ለዚህ አንድ መላ አለኝ። ጥሪው ከሩቅ በሚመጣ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን በመንደሩ ራሱ በሚያየው ልኬት ላይ ይመሥረት። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ትንበያ ሰፊ አገር የሚመለከት ነው፤ በአንዲት ጉብታ ላይ ስንት እንደጣለ ሊነግረን አይችልም። ለእረፍት ወደ ቤቱ የገባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮና ማስመሪያ ካለው፣ የየዕለቱን ዝናብ በሚሊሜትር ለክቶ፣ ደምሮ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ሰው ቁጥሩ ሲወጣ በዓይኑ እያየ ከመጣ፣ ምንም ባልወረደ ጊዜ እንኳ ለምን እንደወጣ ያውቃል።

አሁን ወደ ጎፋው አደጋ ልመለስ። ስለ እርሱ ሳስብ ዘወትር የሚያብከነክነኝ ነገር ስላለ ነው። በዚያ ቀን ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ አልነበሩም። ጎረቤቶቻቸው ተቀበሩ ሲባል አካፋና ዶማ ይዘው፣ እርሱንም ያጡት በእጃቸው እየጫሩ ወገናቸውን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ነበሩ። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ከመካከላቸው ነበሩበት። ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ላይ ወረደ። ጩኸት ሰምቶ መሮጥ የአገራችን ሰው ትልቅ ጠባይ ነው፤ ይህን ጠባይ የሚነቅፍ ሰው ልብ የለውም። ሆኖም አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ ገና አልተረጋጋም። የተቆረጠው ጎን ድጋፉን አጥቷል፤ ከላይ ያለው የራሰ አፈርም ሊከተል ይችላል። ስለዚህ ሩጫው ሥርዓት እንዲኖረው ያስፈልጋል። አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ራቅ ብለው፣ ዓይናቸውን ከተዳፋቱ አናት ሳይነቅሉ ይቁሙ፤ አፈር መንቀሳቀስ ሲጀምር ፊሽካ ይንፉ። ቆፋሪዎቹ ጥቂት ሆነው በፈረቃ ይግቡ፤ ሌላው ሕዝብ ከናዳው መንገድ ወጥቶ ይጠብቅ። ልጇ ከአፈር ሥር ላለች እናት ይህን መናገር እጅግ ጨካኝ ይመስላል። የሚነገረውም በዚያች ሰዓት መሆን የለበትም። በበጋ፣ ሰው ተረጋግቶ በተሰበሰበበት የዕድር ቀን ተነግሮና ተለማምዶ ማደር አለበት።

ስለ ዛፍ ተከላ ሳይነሣ ቢቀር አንባቢ ይታዘበኛል። በእርግጥ ወላይታ በዚህ ረገድ የምትጠራበት ሥራ አላት። በሁምቦ ተራሮች በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የደን መልሶ ማልማት 2728 ሄክታር የተራቆተ መሬት አልብሷል። አብዛኛው ሥራ ከመሬት ሥር በሕይወት የነበሩትን የቀድሞ ዛፎች ጉቶዎች ከከብትና ከመጥረቢያ ጠብቆ እንዲያቆጠቁጡ ማድረግ ነበር። የሕዝቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ደኑ ያመቀውን ካርቦን እስከ መሸጥ ደርሰዋል። ደን የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ ጎርፉን ያበርዳል። ይሁን እንጂ ከሥሩ ጥልቀት በታች የሚነሣን ከባድ ናዳ አያቆምም፤ ለማደግም ዓመታት ይፈልጋል። ውሃ ለማቆር የሚቆፈረው እርከንም ቢሆን፣ ለደረቅ አገር በረከት የሆነውን ያህል፣ ለመናድ በተቃረበ ገደል ላይ ተጨማሪ ሸክም ሊሆን ስለሚችል ከመቆፈሩ በፊት ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ዛፉ እስኪያድግ ያሉትን ክረምቶች ሰው በሕይወት ሊያልፋቸው ይገባል።

ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ከሆነች ወዲህ ወሳኞቹ ባለሥልጣናት ከተዳፋቶቹ ብዙም ሳይርቁ ይቀመጣሉ። ከእነርሱ የሚጠበቀው የመጀመሪያ ሥራ ወጪው ብዙ አይደለም። ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት በሰኔ ወር የየትምህርት ቤቱ ቁልፍ ለቀበሌውና ለዕድሩ በጋራ ይሰጥ፤ የተጠለለው ሕዝብ ያበላሸው ዴስክ ቢኖርም ከመስከረም በፊት የሚጠገንበት ጥቂት ገንዘብ ይመደብ። የሚያስቸግረው በልጉ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ክፍሎቹ በተማሪ የተሞሉ ስለሆኑ ቤተሰቦቹ ከምሽት በፊት ሊገቡ አይችሉም፤ ጧትም ደወሉ ሳይደወል ዕቃቸውን ጠቅልለው መውጣት ይኖርባቸዋል። መምህራኑ ፈቃደኛ ከሆኑ ትምህርቱን ለሁለትና ለሦስት ሳምንት በፈረቃ አድርጎ ግማሾቹን ክፍሎች መልቀቅ ይቻላል። ካልሆነ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አዳራሾች ይጠየቁ።